ሐመል፣ ሸርጣን፣ ሚዛን፦ የኖሚኒ ሆል እርሻና የካርተር ቤተሰብ

(ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጅ ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እስኪፈላ ጀምር ተብያለሁና ልጀምር።

ከመካከላችሁ ዱለስ ኤርፖርት ሄዶ ዘመድ ያልተቀበለ ይኖራል? አይመስለኝም። ሁላችንም በሻንጣ ተከበን እዚያ በር ላይ ቆመን እናውቃለን። ከኤርፖርቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ሄርንደን ውስጥ፣ አንዲት ያረጀች የእንጨት ቤት አለች። ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ምንም ጌጥ የሌላት ናት። እኔ ለዓመታት በአጠገቧ ሳልፍ የዕቃ መጋዘን ትመስለኝ ነበር። ስሟ «ፍራይንግ ፓን» ነው። በቀጥታ «መጥበሻ» ማለት ነው። በአጠገቧ የሚያልፈው ጅረት ስሙ መጥበሻ ስለሆነ እሷም «የመጥበሻ ጉባኤ ቤት» ተባለች። ስሙን ማን እንዳወጣለት አትጠይቁኝ፤ የተራበ ሰው መሆን አለበት።

አንድ ቀን በረራ ዘግይቶ ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ። የኤርፖርት ቡና ዋጋው ሲያስመርረኝ ወጣ ብዬ እዚያች ቤት አጠገብ መኪናዬን አቆምኩ። የድሮ የባፕቲስቶች ቤተ ክርስቲያን ናት። መሬቱን በ1783 የሰጠው ሮበርት ካርተር የሚባል የኖሚኒ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ጥቁርም ነጭም የዚያች ጉባኤ አባል ነበር። ባሪያውም ባለ ባሪያውም ማለት ነው። ይህ ነገር ከንክኖኝ ቀረ። ባለ ብዙ ባሪያ ጌታ ለምን እንዲህ ላለ ጉባኤ መሬት ይሰጣል? ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ያገኘሁትን ነው።

ኖሚኒ ሆል ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ይርቃል። በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል እንደ አንገት ቀጥኖ የወጣ መሬት አለ፤ ፈረንጆቹም «ሰሜናዊው አንገት» ነው የሚሉት። ዌስትሞርላንድ የሚባለው ካውንቲ እዚያ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን የተወለደው እዚያ ነው። ጄምስ ሞንሮም እዚያ። ጄኔራል ሮበርት ሊም እዚያው። አንድ ካውንቲ ሁለት ፕሬዚዳንትና በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡቡን ጦር የመራ ጄኔራል አወጣ። ሰው ሲያነሳ የሚሰማው የእነዚህን ስም ነው።

የካርተር ቤተሰብ ታሪክ የሚጀምረው በአያትየው ነው። እሱም ሮበርት ነው፣ ልጁም ሮበርት ነው፣ የልጅ ልጁም ሮበርት ነው። እንዳይምታታባችሁ አያትየውን ጎረቤቶቹ እንደጠሩት ልጥራው፤ «ኪንግ ካርተር» ይሉት ነበር። ንጉሥ ካርተር። በ1663 ተወልዶ በ1732 ሞተ። ሲሞት 300,000 ኤከር መሬት ነበረው። በእኛ ልኬት 3,000 ጋሻ ገደማ ነው። ባሪያዎቹ ወደ 1,000 ይደርሱ ነበር። ጥሬ ገንዘቡ ደግሞ 10,000 ፓውንድ።

ይህን ሁሉ መሬት ከየት አመጣው? ዘዴው እኛም የምናውቀው ነው። ያ «አንገት» የተባለው አገር በሙሉ እንግሊዝ አገር የተቀመጠ የአንድ መኳንንት ቤተሰብ ንብረት ነበር። ፌርፋክስ ይባላሉ። አዎ፣ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩበት ካውንቲ ስም ከእነሱ የመጣ ነው። ባለቤቶቹ ማዶ ስለሆኑ እዚህ ወኪል ያስፈልጋቸው ነበር። ወኪሉ ኪንግ ካርተር ሆነ። መሬት ለሚፈልግ ሰው የሚመራው እሱ ነው። ታዲያ ማንን አስቀደመ? ልጆቹን፣ አማቾቹን፣ የልጅ ልጆቹን። ማር የነካ እጁን የማይልስ ማን አለ። ሲሞት ሎርድ ፌርፋክስ ለንደን ቁጭ ብሎ የሟቹን ሀብት በመጽሔት አነበበና ደነገጠ ይባላል። የእኔ ወኪል እንዲህ ከበለጸገ የእኔ ድርሻ የታለ? ብሎ መሆን አለበት፤ ቆይቶ ራሱ መርከብ ተሳፍሮ መጣ።

ያ የመጥበሻ ጅረት አካባቢም የተያዘው በኪንግ ካርተር ነው። መዳብ አለ ብሎ ከልጆቹ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። መዳቡ አልወጣም። መሬቱ ግን በቤተሰቡ እጅ ቀረ።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ አጭበረበርኩ ማለት ነው። ባሪያ ሲጠፋበት ከፍርድ ቤት ፈቃድ አውጥቶ የእግር ጣት ያስቆርጥ ነበር። በሕግ ነው የሚያደርገው፤ ዳኞች ተቀምጠው፣ ተጽፎ፣ ተፈርሞ። በኋላም ለእርሻ ተቆጣጣሪው ሲጽፍ፣ በዚህ መንገድ ብዙዎችን ከመጥፋት አመል ፈውሻለሁ ብሏል። «ፈውሻለሁ» ነው ያለው፤ እንደ ሐኪም።

ኖሚኒ ሆልን በ1720ዎቹ መጨረሻ ገደማ ያገኘው ልጁ ሮበርት ነው። ይህ ልጅ ከአባቱ ጥቂት ወራት ቀድሞ በዚያው በ1732 ሞተ። ስለዚህ ሀብቱ የአራት ዓመት ሕፃን ላይ ወደቀ። የዛሬው ባለታሪካችን ይህ ሕፃን ነው። ሮበርት ካርተር ሦስተኛው፣ በ1728 የተወለደ።

ልጅነቱ ብዙ አይወራለትም። 21 ዓመት ሲሞላው ርስቱን ተረከበና ሕግ እማራለሁ ብሎ ለንደን ሄደ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ያለ ጥብቅና ተመለሰ። ለሕዝብ እንደራሴነት ሁለት ጊዜ ተወዳደረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። ያን ሁሉ ሀብት ይዞ! በ1754 የሜሪላንድ፣ የአናፖሊስ ልጅ አገባ፤ ፍራንሲስ ታስከር ትባላለች። አባቷ ትልቅ የብረት ማቅለጫ ውስጥ ድርሻ ነበረው። 17 ልጆች ወለደችለት። በ1758 የቅኝ ግዛቷ ገዢ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተሾመ። ይህ ምርጫ አያስፈልገውም፤ ንጉሡ ነው የሚሾመው። ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል በዋና ከተማዋ በዊሊያምስበርግ፣ ከገዢው ቤተ መንግሥት ጎን ኖረ። በ1772 ቤተሰቡን ጠቅልሎ ወደ ኖሚኒ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። በ1773 መከር ላይ ካርተር ለልጆቹ አስተማሪ ቀጠረ። ፊሊፕ ፊቲያን ይባላል፤ ከኒው ጀርሲ የመጣ፣ ፕሪንስተን የተማረ፣ ቄስ ሊሆን የሚያጠና ወጣት። በየማታው ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። አንድ ዓመት ጽፎ ሄደ። ከዚያ ዓመት ውጪ ያለውን የምናውቀው ከደብዳቤና ከሒሳብ መዝገብ ነው፤ ያን ዓመት ግን በመስኮት እንደምናይ ያህል ነው የምናየው።

ቤቱ ጡብ ነው። በላዩ ኖራ ተለስኖበት ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ርዝመቱ 76 ጫማ፣ ወርዱ 44፤ በእኛ 23 በ13 ሜትር ግድም። የጭፈራ አዳራሽ አለው። የመጻሕፍቱ ብዛት 1,500 ቅጽ ገደማ። ጌታው ሙዚቃ ይወዳል። ኦርጋን፣ ሃርፕሲኮርድ፣ ፍሉት፣ ጊታር። ከሁሉ የሚገርመው ግን ቤንጃሚን ፍራንክሊን የፈለሰፈው የብርጭቆ መሣሪያ ነው። ብርጭቆ ሳህኖች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው ይሽከረከራሉ። ጣት በውሃ ተርሶ ጠርዛቸው ሲነካ ያዜማሉ። እስቲ አስቡት፤ የታኅሣሥ ማታ ነው፣ ሻማ በርቷል፣ የ45 ዓመት ሰውዬ እርጥብ ጣቱን ብርጭቆ ላይ አድርጎ ይጫወታል፣ ወጣቱ አስተማሪ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።

ወይዘሮዋ የቤቱን የዓመት ፍጆታ ለፊቲያን ቆጥራ ነግራዋለች። 27,000 ፓውንድ የአሳማ ሥጋ፤ ይህ ከ120 ኩንታል በላይ ነው። 20 በሬ። 550 ቡሽል ስንዴ፤ ቡሽል የእህል ስፍር ነው። አራት ትልልቅ በርሜል ሩም። 150 ጋሎን ብራንዲ። ድግስ በላይ በላዩ ነው።

ከዚያ ፊቲያን ሌላም ጽፏል። ከማዕድ ቤቱ ጥቂት ሰዎች በቀር የአንድ ባሪያ የሳምንት ቀለብ ዘጠኝ ሊትር ያህል የሚይዝ አንድ ስፍር በቆሎና አንድ ፓውንድ ሥጋ ነው። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሥጋ፣ ለሳምንት። ልብ በሉ፣ አካባቢው ሁሉ ካርተርን ለባሪያዎቹ ከማንም በላይ ደግ ነው ይለዋል። ደጉ ይህ ከሆነ ሌላውን አስቡት። የሌላውንም ፊቲያን አላስቀረም። አንድ ተቆጣጣሪ፣ እምቢተኛ ባሪያ እንዴት እንደሚገራ ሲፎክር ሰምቶ ጽፏል። ራቁቱን ከግንድ ታስሮ፣ በፈረስ የብረት ማበጠሪያ ቆዳው እስኪገፈፍ ይፋቃል፤ ከዚያ በድርቆሽ ይታሻል፤ ከዚያ ጨው።

ደግ ጌታ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛም ቤት «እንደ ልጃችን ነበር ያደገው» እየተባለ የሚወራ ነገር አለ። በአንዳንዶቻችን አያቶች ቤት ማለቴ ነው። በእኛ አገር ባርነትን የከለከለው አዋጅ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሚያስታውሱት ዘመን። ይህን የምለው የእነሱን ታሪክ ስናይ ከሩቅ ተራራ ላይ ቆመን እንዳይመስለን ነው። ልቀጥል።

ፊቲያን ስለ መሬቱ 60,000 ኤከር፣ ስለ ባሪያዎቹ ደግሞ 600 ገደማ ብሎ መዝግቧል። 60,000 ኤከር ማለት 600 ጋሻ ያህል ነው። ለአንድ ጋሻ አንድ ሰው። ይህ ሁሉ መሬት አንድ ቦታ አልነበረም፤ በብዙ ካውንቲዎች የተበተነ ነው። ካርተር በየእርሻው ስም አወጣ። ምን ብሎ? በኮከብ! ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ... እናንተ «ኮከብህ ምንድን ነው» ብላችሁ ባልና ሚስት ታስማማላችሁ፤ ሰውዬው እርሻ ሰየመበት። እንግዲህ አንዱ ሰው የአሰድ ነው፣ ሌላዋ የሸርጣን ናት። በተወለዱበት ወር አይደለም፤ በተመደቡበት እርሻ ነው።

ለምን ይህን ያህል መሬት አስፈለገ? መልሱ ትምባሆ ነው። ትምባሆ እንደ ሕፃን ነው የሚያደክመው። በብርዱ ወራት ማብቂያ መደብ ላይ ይዘራል። በግንቦት ችግኙ አንድ በአንድ ይተከላል። ጫፉ ይቀነጠሳል፣ ቅርንጫፉ ይለቀማል፣ ትሉ በጣት ከቅጠል ቅጠል ይለቀማል። ነሐሴና መስከረም ላይ ይቆረጥና ጎተራ ውስጥ ተሰቅሎ ይደርቃል። ከዚያ 1,000 ፓውንድ ገደማ የሚይዝ በርሜል ውስጥ ተጨቁኖ ይታሸጋል፤ በርሜሉ ወደ ወንዝ ይንከባለላል። ትምባሆ በዚያ ላይ መሬት ይበላል። ሦስት አራት ዓመት ሲታረስ አፈሩ ይሞታል። አዲስ ጫካ መመንጠር ነው። ስለዚህ መሬት ሰው ይፈልጋል፣ ሰው መሬት ይፈልጋል፣ ሁለቱም ብድር ይፈልጋሉ። የቨርጂኒያ ጌቶች አብዛኞቹ ለለንደን ነጋዴ ባለዕዳ ነበሩ። ካርተር ነቃ ያለ ነው፤ ወደ ስንዴ፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ጨርቅ ፈትል፣ ወደ ብረት ዞሯል።

አሁን በጣም የምወደውን ቦታ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ፊቲያንና ወይዘሮዋ ተቀምጠው ያወራሉ። ሒሳብ ይሠራሉ። ባሪያዎቹ በሙሉ ቢሸጡ፣ ገንዘቡ በወለድ ቢሰጥ፣ መሬቱም ጦም ቢያድር፣ ወለዱ ብቻ አሁን ከሚገኘው ገቢ ይበልጣል ተባባሉ። የቤቱ እመቤት ናት ይህን የምትለው። ሒሳቡ ውስጥ የባሪያዎቹ መሸጥ እንጂ ነጻ መውጣት የለም። ግን ነገሩ አያዋጣም የሚለው ወሬ ሳሎኑ ውስጥ ነበር። በ1774።

ከእንግሊዝ የመላቀቁ አብዮት መጣ። ካርተር መጀመሪያ ጠርዝ ላይ ቆመ፤ በኋላ ከአሜሪካኖቹ ጋር ሆነ። ይህን በቶሎ እለፈው፤ እሱም በቶሎ ነው ያለፈው። ለእሱ ትልቁ ነገር የሆነው በሰኔ 1777 ነው። የፈንጣጣ ክትባት ተከተበ። የዚያን ዘመን ክትባት በሽታውን ራሱን በትንሹ መስጠት ነው፤ ያተኩሳል። በትኩሳት ላይ ሳለ አንድ ብርሃን አየ፤ ክርስቶስ ተገለጠልኝ ብሎ ጻፈ። እስከዚያ ድረስ በእግዚአብሔር መኖር እንጂ በወንጌል ብዙም የማያምን ሰው ነበር። በ1778 በባፕቲስቶች ተጠመቀ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ባፕቲስቶች ያኔ የድሃ ጉባኤ ናቸው። ሰባኪዎቻቸው ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ እየተባሉ ቨርጂኒያ ውስጥ እስር ቤት ይገቡ ነበር። የኪንግ ካርተር የልጅ ልጅ፣ የምክር ቤቱ አባል፣ ከራሱ ባሪያዎች ጋር በአንድ ጉባኤ ወንድም እህት መባባል ጀመረ። ዘመዶቹ አበደ አሉ። በኋላ ደግሞ ከባፕቲስቶችም ወጥቶ የስዊድናዊው የሃይማኖት ጸሐፊ የስዊድንቦርግ ተከታይ ሆነ። በእምነት ነገር አንድ ቦታ አልረጋ ያለ ሰው ነው። በአንዱ ነገር ግን ረጋ።

የቨርጂኒያ ሕግ ባሪያን አርነት ማውጣት ራሱ የከለከለ ነበር። ከ1723 ጀምሮ አንድ ጌታ ባሪያውን መልቀቅ ቢፈልግ እንኳ ገዢውና ምክር ቤቱ ካልፈቀዱለት አይችልም። በ1782 ሕጉ ተከፈተ፤ በጽሑፍ ፈርመህ መልቀቅ ትችላለህ ተባለ። ግን አንቀጽ አለው። ከ45 ዓመት በላይ የሆነውን፣ ወንድ ከሆነ 21፣ ሴት ከሆነች 18 ያልሞላቸውን ከለቀቅህ መጦሪያቸው በአንተ ላይ ነው። አሮጌውንና ሕፃኑን አውጥተህ ሜዳ ላይ እንዳትጥል ነው።

ሚስቱ በ1787 ሞተች። ከዚያ በፊት ሁለቱን ታናናሽ ወንዶች ልጆቹን፣ ጆርጅንና ጆን ታስከርን፣ ወደ ሮድ አይላንድ ኮሌጅ ልኳቸዋል፤ ዛሬ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነው። ምክንያቱን አልደበቀም። የቨርጂኒያ ሰው ስለ ባርነት የሚያስበውን ነገር እንዳይወርሱ ነው። ጆርጅን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ 1791። ካርተር ጸሐፊ አስቀምጦ ባሪያዎቹን ያስቆጥራል። ከእርሻ እርሻ፣ ከሐመል እስከ ሚዛን። ስም፣ ዕድሜ፣ የየት እርሻ። ወረቀቱን ስታዩት ምንም ውበት የለውም። መዝገብ ነው፤ ያስለቅሳል ብላችሁ ካያችሁት አያስለቅስም። ስም፣ ቁጥር፣ ስም፣ ቁጥር። እዚህ ግን ዕድሜ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ የምትለቀቅበትን ዓመት የሚወስነው እሱ ነው። 29 ተብሎ የተጻፈና 31 ተብሎ የተጻፈ ሰው ዕጣቸው ይለያያል። 452 ስም ሆነ። ሰነዱ ነሐሴ 1 ቀን 1791 ተጽፎ መስከረም 5 ቀን ለፍርድ ቤት ቀረበ። «የስጦታ ሰነድ» ይባላል። ውስጡ እንዲህ ይላል፦ እነዚህን ሰዎች በባርነት ማቆየት ከእውነተኛው የሃይማኖትና የፍትሕ መርህ ጋር እንደሚጻረር ከተረዳሁ ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ እነሱን ነጻ ማውጣት ግዴታዬ ነው።

አፈጻጸሙ በደረጃ ነው። ከ1792 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን 15 ሰው ይለቀቃል። ልጆቹ ዕድሜያቸው ሲደርስ ይለቀቃሉ። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ተናድጃለሁ። ግዴታዬ ነው ካልክ ምን በየዓመቱ 15? ዛሬ አትለቃቸውም? ዝርዝሩ ላይ በአሥረኛው ዓመት የተመደበ ሰው ምን ተሰማው? እስከ ዛሬም ይህን ንዴቴን አልተውኩትም። ግን ደግሞ ማንም ያላደረገውን ማድረጉ ሐቅ ነው። ከርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በዚህ አገር አንድ ግለሰብ በፈቃዱ ይህን ያህል ሰው ነጻ አላወጣም። ልጆቹ እየተወለዱ ሲጨመሩ ቁጥሩ 500 እንዳለፈ ይቆጠራል።

ከጎኑ ያሉትን አስተያዩ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄፈርሰን በዕድሜው ሙሉ ከ600 በላይ ሰው በባርነት ይዟል። በሕይወቱ ሳለ ሁለት ሰው፣ በኑዛዜው አምስት ሰው ለቀቀ። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት እርሻው ማውንት ቨርነን ላይ በባርነት 317 ሰው ነበር፤ የራሱ የሆኑትን 123ቱን በኑዛዜ ለቀቀ። የዋሽንግተን መልካም ነው። ግን በኑዛዜ መልቀቅ አንተ ከሞትክ በኋላ ነው፤ ትምባሆህን የሚተክልልህ ሰው አጥተህ አታውቅም። ስለ እነዚህ ሰዎች ስንጠይቅ ሁሌ የሚሰጠን መልስ «ዘመኑ እንደዚያ ነበር» ነው። ካርተር ደስ የማይል ጎረቤት የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ዘመኑ የእሱም ዘመን ነበር። ዕዳው፣ ልጁ፣ ዘመዱ፣ ሕጉ፣ ሁሉም እሱም ጋ ነበር። ሐውልት ያልቆመለት እሱ ከቆመ ሌሎቹ ሐውልቶች ስለሚያፍሩ ነው ብዬ አስባለሁ። የእኔ ግምት ነው፤ አትቀበሉት ብትሉም አልቀየምም።

ጎረቤቶቹ ዝም አላሉም። ካርተር ነጻ ለወጡት ሰዎች መሬት ያከራያል፤ አንዳንዴ ነጭ ጭሰኛ ለቅቆ ጥቁር ይገባል። ይህ ነው ያንገበገባቸው። አንድ ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሰው። የጎረቤትህ ቤት አብሮ የሚቃጠል ቢሆንም የራስህን ቤት የማቃጠል መብት ካለህ ባሪያህንም የመልቀቅ መብት አለህ ይላል ፍሬ ሐሳቡ። እሳት ለኮስክብን ነው። የእነሱ ባሪያዎች እኮ አጥር ላይ ቆመው ያያሉ። ትናንት አብሯቸው ትል ሲለቅም የነበረው ሰውዬ ዛሬ ለራሱ ይተክላል።

በግንቦት 1793 ካርተር ኖሚኒ ሆልን ጥሎ ባልቲሞር ሄደ። ዳግመኛም በሕይወቱ አልተመለሰም። የብርጭቆውን ሙዚቃ፣ መጻሕፍቱን፣ የጭፈራ አዳራሹን ትቶ ማለት ነው። ሥራውን ለቤንጃሚን ዶውሰን፣ ለአንድ የባፕቲስት ሰባኪ፣ በውክልና ሰጠ። ዶውሰን በየዓመቱ ፍርድ ቤት እየሄደ የነጻነት ወረቀት ያስመዘግባል። አማቾችና ልጆች ያጉረመርማሉ፤ እንዴት የእኛ ውርስ በአንድ ሰባኪ እጅ ይበተናል? ካርተር ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ዕቅዴና ምክሬ ዓለምን ደስ አሰኝቶ አያውቅም ብሏል። በመጋቢት 1804 ሞተ። ወራሾቹ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለዶውሰን ፈረደ። የተጻፈ ነገር ተጽፏልና። አያትየው ጣት የሚያስቆርጥበት ዓይነት ወረቀት፣ ተጽፎ ተፈርሞ፣ የልጅ ልጁ ነጻ ያወጣበት ሆነ።

ጆርጅን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ሮድ አይላንድ የተላከው፣ የባርነት ሐሳብ እንዳይነካው የተባለው ልጅ። እሱ ከአባቱ መሬት ሎውደን ካውንቲ ውስጥ ከ3,400 ኤከር በላይ ደረሰው። በ1804፣ አባቱ በሞተበት ዓመት፣ ትልቅ ቤት መሥራት ጀመረ። ኦትላንድስ ይባላል። ባሪያ ገዛበት። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲደርስ እርሻው ላይ ከ100 በላይ ሰው በባርነት ነበር፤ በካውንቲው አንደኛ። ዛሬ ሊስበርግ አጠገብ ነው፤ የሚጎበኝ ቦታ ነው፤ ሰርግ ይደገስበታል። ከመካከላችሁ እዚያ ፎቶ የተነሳ እንዳለ አውቃለሁ። አትሳቁ፣ እኔም ተነስቻለሁ።

ኖሚኒ ሆል በ1850 ተቃጠለ። አያትየው ኪንግ ካርተር ላንካስተር ካውንቲ ውስጥ ካሠራው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በላቲን ረጅም ጽሑፍ በተቀረጸበት ድንጋይ ሥር ተኝቷል። የልጅ ልጁ አስከሬን ወደ ኖሚኒ ተመልሶ ነው የተቀበረው። ምልክት የለውም።

ስሙን የምታገኙት ሌላ ቦታ ነው። ከ1793 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ነጻ የሆነ ጥቁር ሰው በየጊዜው ፍርድ ቤት ሄዶ መመዝገብ ነበረበት። ወረቀት መያዝ አለበት። ወረቀት ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ያለ ወረቀት ከተያዘ እስር ቤት ነው። ከ1806 በኋላ ደግሞ ነጻ የወጣ ሰው በ12 ወር ውስጥ ከቨርጂኒያ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ቀደም ብለው የወጡት የካርተር ሰዎች ግን ያ ሕግ ሳይደርስባቸው አምልጠዋል። ሕጉ በመዝገቡ ላይ ምን እንደሚጻፍ ይዘረዝራል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ መልክ፣ ቁመት፣ ማን ነጻ እንዳወጣው፣ በየትኛው ፍርድ ቤት። ጸሐፊው ቁመት ይለካል፣ የፊት ጠባሳ ይፈልጋል፣ የእጅ ጠባሳ ይጽፋል። ከዚያ ብዕሩን ቀለም ነክሮ የመጨረሻውን መስመር ይሞላል፦ በሮበርት ካርተር ነጻ የወጣ።

ቡናው ፈልቷል መሰለኝ። ጥያቄ ያላችሁ ሲኒ ይዛችሁ ኑ።